ክረምት የሚተኛው ዛፍ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የሰኔ ቅዳሜ ረፋድ፣ አዳማ ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ አጭር የሕፃናት ተውኔት አሳይቼ ነበር። ድርሰቱ የእኔው ነው። ለችግኝ ተከላው ሰሞን እንዲደርስ በሦስት ሌሊት ተጻፈ፤ የሦስት ሌሊት ሥራም ይመስል ነበር። አንድ ዛፍ አለ፤ ይናገራል፤ ያለቅሳል። ወፎች አሉ፤ ይዘፍናሉ፤ ያዝናሉ። ከዚያም ፊቱን ጥላሸት የተቀባ፣ መጥረቢያ በትከሻው ያጋደመ ከሰል አክሳይ ይመጣል። በልምምዱ ጊዜ እንደተመኘሁት ሁሉ፣ አክሳዩ ከመጋረጃው ኋላ ብቅ ሲል የተሰበሰቡት ሕፃናት በአንድ ድምፅ «ሌባ! ሌባ!» እያሉ ጮኹ። ከእንግዶቹ ወገን ጭብጨባው ቀለጠ። እኔም የደራሲ ልቤ ሞላ።

ከተውኔቱ በኋላ አስቀድሞ በተቆፈሩት ጉድጓዶች ችግኝ ተተከለ። እንግዶች አንዳንድ፣ መምህራን ሁለት ሁለት ተከሉ፤ ሕፃናቱ በጣሳ ውሃ አጠጡ፤ ፎቶግራፍ ተነሣን። በመጨረሻም ከድንኳኑ ጥላ ሥር ተቀምጠን ቡና ቀረበልን። ቡናው የፈላው በከሰል ነው። ይህንን በጊዜው ልብ ያለ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላልኩም። ልብ ያለችው ከተውኔቱ ወፎች አንዷ የነበረች፣ የካርቶን ክንፏን ገና ያላወለቀች የሦስተኛ ክፍል ልጅ ናት። አጠገቤ ቆማ ማንደጃውን ትመለከት ነበር።

«ጋሼ፣ ይኼ የደደቻ ከሰል ነው» አለችኝ። «አይጨስም፤ ቶሎም አያልቅም።»

እንዴት እንዳወቀች ጠየቅኋት።

«እናቴ ትሸጣለች። አያቴ ደግሞ ቡልቡላ ያከስላል።» ጥቂት ዝም አለች። ክንፏን አስተካከለች። ከዚያም ዐይኗን ከእሳቱ ሳታነሣ፣ «እናቴ ግን ሌባ አይደለችም» አለች።

ለመድረክ መጻፍ ከጀመርኩ ከሃያ ዓመት አይበልጥም እንጂ አያንስም። በጋዜጣም በአዳራሽም ብዙ ተተችቻለሁ፤ አንዳንዱ በሚገባ፣ አንዳንዱ ያለ አግባብ ነበር። ከዚያች ልጅ የበረታ ሐያሲ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ቡናዬን ጨርሼ ወደ ቤቴ ስሄድ የምመልስላት አንድ ቃል እንኳ አልነበረኝም።

እኔ ያደግሁት በዚህችው ከተማ ነው። በልጅነቴ ናዝሬት እያልን ነበር የምንጠራት፤ አዳማ የሚለው ጥንታዊ ስሟ በይፋ የተመለሰላት እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ይህ ስም «ሀዳሚ» ከሚለው የኦሮምኛ ቃል እንደመጣ ይነገራል፤ ትርጉሙም ቁልቋል ነው። እንግዲህ የከተማችን ስም የዛፍ ስም ነው ማለት ነው። እኔ ግን ይህንን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከአንድ የቋንቋ ተማሪ ጓደኛዬ ነው። በትምህርት ቤታችን ስለ ዛፍ ስንማር በጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚሣለው ዛፍ ቀጥ ያለ ግንድና እንደ ኳስ የከበበ ራስ ነበረው፤ እንዲህ ያለውን ዛፍ በአዳማ ዙሪያ አይቼው አላውቅም። የስምጥ ሸለቆው ዛፍ ራሱ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ፣ እሾሃም፣ አቧራ የለበሰ ነው። እርሱንም «ግራር» ብለን በአንድ ቃል እንገላገለው ነበር። የአገሩ ገበሬ ደደቻ፣ ዋጩ፣ ገርቢ እያለ ለየብቻው የሚጠራውን፣ ጠባዩንና ጥቅሙን የሚለየውን ሁሉ እኛ የተማርነው አንድ አድርገን አስቀረነው። በፈተና ላይ «የዛፍን ሦስት ጥቅሞች ጻፍ» ሲባል ግን ሦስቱንም እንጽፍ ነበር፤ ሙሉ ማርክም እናገኝ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት፣ ያችን ልጅ የምታስተምረው መምህርት በሰው መልእክት ላከችብኝ። «ደራሲው የመጀመሪያውን ገቢር አይተው ሄደዋል፤ ሁለተኛውንም ይዩልን» የሚል ነበር። ሄድኩ። ሰኔ ላይ ከተከልናቸው ችግኞች ቆመው የቆዩኝ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የክረምቱ ዕረፍት ሁለት ወር ይወስዳል፤ ፍየል ግን ዕረፍት አይወጣም። ከደረቁት አንዱ እኔ ራሴ ፎቶግራፍ የተነሣሁበት ነበር።

እዚህ ላይ እንዳልታማ አንድ ነገር ልናገር። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ ሲነገር፣ ከተካዮቹ አንዱ ነበርኩ። በጭቃው ውስጥ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ጎንበስ ቀና ስል የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልክደውም፤ በዘመቻውም አላላግጥም። ሆኖም የመድረክ ሰው ነኝና ነገርን በመጋረጃ አወጣጥና አወራረድ የማየት ልማድ አለብኝ። የሰኔውን ድግስ ሳስበው፣ ሕፃናቱ ከዛፉ ጋር ሳይተዋወቁ ዛፉን እንዲያለቅሱለት ያደረግሁ መሰለኝ። አልቃሾቹ ዝግጁ ነበሩ፤ ሟቹን የሚያውቅ ግን አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች።

መምህርቷ ያሰበችው ቀላል ነገር ነው። ልጆቹን ከክፍል አውጥታ ከከተማው ዳር ወዳሉት የግራር ዛፎች ልትወስዳቸው ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻም ሳይሆን፣ በመስከረምና በየካቲት፣ ወደ አንድና ወደዚያው ዛፍ። ቀላል ያልኩት ለማሰብ ነው። ርእሰ መምህሩ እባብ ፈሩ፤ ወላጆች መኪና ፈሩ፤ እኔ ፀሐይ ፈራሁ። «አካባቢ ሳይንስ» የሚባል ትምህርት እያስተማሩ አካባቢውን ለማየት ይህን ያህል ደብዳቤ መጻፍ ለምን እንደሚያስፈልግ መምህርቷ ጠየቀች እንጂ አልተማረረችም። ደብዳቤዎቹን ጻፈች። በመስከረም መጨረሻ አርባ ያህል ልጆች፣ ሁለት መምህራንና አንድ ደራሲ፣ ሁለት ሁለት ሆነን፣ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ወጣን።

የደረስንበት ቦታ ደን የሚባል አይደለም። ማሳ ነው፤ በማሳው መካከል እዚህም እዚያም የቆሙ ትልልቅ ዛፎች አሉ። ጤፉ ለምልሞ ነፋሱ እንደ ውሃ ያንከባልለዋል። ሣሩ፣ ቁጥቋጦው፣ ተራራው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ከጤፉ መካከል የቆመው ትልቁ ዛፍ ብቻ አንድ ቅጠል የለውም። ቅርንጫፉ ገርጥቶ እንደ አጥንት ይታያል።

«ቲቸር፣ ይኼ ዛፍ ሞቷል» አለ አንድ ልጅ።

እውነቱን ለመናገር ለእኔም የሞተ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ይህ በክረምት የሞተ ዛፍ ለግጥም የሚሆን ምሳሌ ነው እያልኩ በልቤ መስመር ማበጀት ጀምሬ ነበር።

«አልሞተም» አለች የከሰል ሻጯ ልጅ። «ገርቢ ነው። ክረምት ይተኛል።»

ልጆቹ ሳቁባት። መምህርቷ ግን ትክክል ነሽም አላለች፣ ተሳስተሻልም አላለች። «መሞትና መተኛቱን በምን እንለይ?» ብላ ጠየቀች። አንዱ እናዳምጠው አለ፤ ሌላው እንነቅንቀው አለ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ዝቅ ያለውን ቀጭን ቅርንጫፍ በጥፍሯ ፋቅ አደረገችው። ከገረጣው ልጥ ሥር እርጥብ አረንጓዴ ወጣ። አርባው ልጅ ተራ በተራ ካልፋቅሁ ብሎ ተጋፋ፤ ምስኪኑ ቅርንጫፍ ለሳይንስ ሲባል ልጡን ሊያጣ ምንም አልቀረው።

በሳይንሳዊ ስሙ ፋይደርቢያ አልቢዳ የሚባለው ይህ ዛፍ ጠባዩ ከሌሎቹ የተገለበጠ ነው። ዝናብ ሲጀምር ቅጠሉን ያራግፋል፤ በጋ ገብቶ አገሩ ሲደርቅ እርሱ ይለመልማል። በዚህም የተነሣ በክረምት ሰብሉን ፀሐይ አይከለክለውም። የሚያራግፈው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል፤ ሥሩም እንደ ባቄላና እንደ ሽምብራ ዘመዶቹ ናይትሮጅንን ለአፈሩ ያተርፋል። በበጋ ደግሞ ለከብቱ ጥላ ነው፤ ፍሬውም መኖ ነው። ከሞጆ እስከ ዝዋይ ዙሪያ ገበሬው በማሳው መካከል ትቶት የሚያርሰው በግድየለሽነት አይደለም። ይህንን ሁሉ መምህርቷ ለልጆቹ አልነገረቻቸውም። ሲባጎ ሰጠቻቸው። ከዛፉ ሥር ያለውን ጤፍና ከዛፉ ርቆ ያለውን ጤፍ ቁመት በሲባጎ እየለኩ ቋጠሮ አሰሩ። ከዛፉ ሥር ያለው በለጠ። «ለምን?» ብላ እዚያው ላይ ተወችው፤ እስከ የካቲትም አልመለሰችላቸውም። እኔ ብሆን አላስችል ብሎኝ ሁሉንም እዘከዝክላቸው ነበር።

ከማሳው ዳር ክብ ሆኖ የጠቆረ መሬት ነበር። ሣር አልበቀለበትም። ልጆቹ ምን እንደሆነ ሲከራከሩ ያች ልጅ ገብታ መካከሉ ላይ ቆመች። ድምፅዋ በሰኔው ተውኔት ከሰማሁት ድምፅ ጋር አንድ አልነበረም።

«እዚህ ጋ ከሰል ተከስሎበታል» አለች። እንጨቱ እንዴት እንደሚደረደር በእጇ አሳየች። በላዩ ሣር ይለበሳል፤ በሣሩ ላይ አፈር ይመለሳል። እሳቱ በአንድ ቀዳዳ ይለኮስና ይዳፈናል። መጀመሪያ የሚወጣው ጭስ ነጭና ወፍራም ነው፤ እንጨቱ ውሃውን እየተፋ ነው። ቀኖች አልፈው ጭሱ ሲሳሳና ሰማያዊ ሲሆን ከሰሉ ደርሷል። አፈሩ አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ ግን ነፋስ ይገባና ሁሉም ነዶ አመድ ይሆናል። ስለዚህ አያቷ አጠገቡ ነው የሚያድረው፤ ሌሊት እየተነሣ ስንጥቁን ይደፍናል። «ገርቢን ግን አይቆርጥም፤ የማሳ ዛፍ ነው» አለች።

«ከአሥር እንጨት ስንት ከሰል ይወጣል?» አለች መምህርቷ። ልጅቷ ይህንን አታውቅም ነበር። መምህርቷ አሥር ልጆች መርጣ በጠቆረው ክብ ውስጥ አቆመቻቸው። እናንተ አሥር ኪሎ እንጨት ናችሁ አለቻቸው። ከዚያም እየነካች ስምንቱን ከክቡ አስወጣቻቸው። ሁለት ቀሩ። «ይህ ጎበዝ አክሳይ ሲሆን ነው» ብላ ከሁለቱ አንዱን ደግሞ አስወጣች። የወጡት ልጆች የት እንደሄዱ ስትጠይቅ፣ «ጭስ ሆንን!» እያሉ እጃቸውን እያውለበለቡ ወደ ጤፉ ዳር ሮጡ። ብቻውን የቀረው ልጅ ዙሪያውን እያየ ሊያለቅስ ደረሰ። በዚያች ቅጽበት ያየሁት ተውኔት ነበር፤ ሌባ የለበትም፤ የሚያለቅስ ዛፍም የለበትም። እንዲህ ያለውን ትዕይንት በሦስት ሌሊት ቀርቶ በሦስት ወር ልጽፈው አልችልም ነበር።

ሕፃናትን ከዛፍ ሥር ማስተማር ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። የኔታ ፊደል የሚያስቆጥሩት ከቤተ ክርስቲያን ዐጸድ፣ ከወይራና ከጽድ ጥላ ሥር ነበር። የቅኔ ተማሪም ቅኔ ሲቆጥር ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ጫካው ዳር ይሄዳል፤ ቃሉን ከቅጠሉና ከወፉ መካከል ይፈልጋል። የኦሮሞ ሕዝብ በገዳ ሥርዓቱ ሸንጎውን የሚቀመጠው፣ ሕጉንም የሚደነግገው በኦዳ ጥላ ሥር ነው። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በዱከም አቅራቢያ ያለው ኦዳ ነቤ ከዋነኞቹ አንዱ ነው። የልጆቻችን ዐይን ኦዳን በክልሉ ሰንደቅ ዓላማ ላይ በየቀኑ ያያል፤ ከአንድ ኦዳ ሥር የተቀመጠ ስንቱ እንደሆነ ግን መምህርቷ በክፍሏ ጠይቃ ሁለት እጅ ብቻ ተነሣ። በዘመናችንም የሞከሩት አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው መልካ ኢትዮጵያ ወጣት ተማሪዎችን ለቀናት ደን ውስጥ እያሳደረ ከአባቶች ጋር ያገናኛል።

በውጭውም ዓለም ቢሆን ጀማሪዎቹን ሳስብ ሁለቱ በልዩ ይማርኩኛል። የሕፃናት አጸደ ትምህርት አባት የሚባለው ጀርመናዊው ፍሮብል በ15 ዓመቱ ለሙያ የተሰጠው ለደን ጠባቂ ነበር። ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ ታጎር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1901 በሻንቲኒኬታን ትምህርት ቤት ሲከፍት ልጆቹን ከዛፍ ሥር አስቀምጦ አስተማረ። ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1957 ስኩግስሙለ የሚባል የጫካ ገጸ ባሕርይ ፈጥረው ሕፃናቱን በእርሱ እየመሩ ወደ ደን ያወጧቸው ጀመር። ይህኛው ሙያዬን ይነካል። እነርሱ ገጸ ባሕርዩን ፈጥረው ልጆቹን ወደ ጫካ ላኩ፤ እኔ ጫካውን በካርቶን ሠርቼ ወደ ልጆቹ አመጣሁት።

በዚያው ሰሞን ለሥራ ጉዳይ ወደ ሻሸመኔ ስወርድ መንገዱን እንደ አዲስ አየሁት። ከመቂ አልፎ፣ ከባቱና ከአዳሚ ቱሉ ወዲያ፣ አፋቸው በቅጠል የተደፈነ የከሰል ጆንያዎች በአስፋልቱ ዳር ቆመው ገዢ ይጠብቃሉ። አጠገባቸው አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ይቀመጣል። ከዚያ ቀጥሎ የአቢጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ነው። የግራሩ ደን በመጥረቢያ፣ በእርሻና በከብት ሳስቷል፤ አቢጃታም መጋቢ ወንዞቹ ለመስኖ ሲጠለፉ፣ ውሃውም ለሶዳ አሽ ሲቀዳ ዳርቻው እየሸሸ ሄዷል። ሚኒባሱ ቆመ፤ ተሳፋሪው ወርዶ ከሰል ይገዛ ጀመር። እኔ ያን ቀን አልገዛሁም፤ ይህንን እንደ በጎ ሥራ አልቆጥረውም። ከዚያ በፊት ከዚያው መንገድ ስንት ጆንያ አስጭኜ ቤቴ እንዳስገባሁ ባለቤቴ ታውቃለች።

የልጅቷን እናት ያገኘኋት በኅዳር ነው። ከቤቷ ደጃፍ ከሰሉን በላስቲክ እየሰፈረች ትሸጥ ነበር። ራሴን ሳስተዋውቅ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ በክንዷ ጨበጠችኝ።

«አውቅዎታለሁ ወንድሜ» አለችኝ። «ልጄ ወፍ ሆና ስትዘፍን ለማየት መጥቼ ነበር። ከኋላ ቆሜ አየሁት።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ባልጠላሁ ነበር።

«ጥሩ ዘፈነች» አለች። ሌላ ነገር አላለችም። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት በርጩማ አወጣችልኝ፤ ቡና ካልጠጡ አይሄዱም አለች። ከደጃፏ ሆኖ ቀና ሲሉ ከከተማው ወጣ ብሎ በኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩት የነፋስ ኀይል ማመንጫዎች ይታያሉ። የመጀመሪያው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሁለተኛው በ2015 ነው የተመረቀው። ሽቦው ከጎረቤቷ ጣራ በላይ ያልፋል። እርሷም ዐይኔን ተከትላ አየችና፣ «እኔም ብሆን ጭሱን አልወደውም፤ ደረቴን ያመኛል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዝቼ ብቀመጥ ግን ምን ሸጬ ልጄን አስተምራለሁ?» አለች። ጥያቄው ለእኔ ይሁን ለኮረብታው አልለየሁትም።

በየካቲት መጨረሻ ወደ ማሳው ተመለስን። አሁን ሁሉ ነገር ተገልብጧል። ጤፉ ታጭዶ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ ሣሩ ነጥቷል፤ አቧራው በነፋስ ይሽከረከራል። ዛፉ ብቻ አረንጓዴ ነው። ልጆቹ ከሩቅ ሲያዩት ያለ ማንም ትእዛዝ ሮጡ። «ሞቷል» ያለው ልጅ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰና ከጥላው ሥር በጀርባው ተንጋለለ። ከዛፉ ሥር ፍየሎች ነበሩ፤ ብርቱካንማ መልክ ያለው፣ እንደ ቀለበት የተጠቀለለ ፍሬውን ይለቅማሉ። ያች የመስከረም «ለምን?» ተነሣች። ልጆቹ ጥላውን፣ ቅጠሉን፣ የፍየሉን በጠጥ እያዩ መልሱን ራሳቸው ገጣጠሙት። አንዱ ትንሽ ሲስት ሌላው ያርመዋል። መምህርቷ ከድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታራግፍ ነበር።

ከፍሬው ለቅመን ተመለስን። ዘሩ ጠንካራ ቆዳ አለው፤ እንዲሁ ቢዘሩት ለመብቀል ይዘገያል። ሃያውን ፍሬ ሙቅ ውሃ ውስጥ አሳደሩት፤ ሃያውን በደረቁ ተዉት። ሁሉንም አፈር በሞሉ ላስቲኮች ዘርተው ከክፍሉ መስኮት ሥር ደረደሯቸው። ውሃ የማጠጣቱን ተራ በወረቀት ጽፈው በሩ ላይ ለጠፉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለመጎብኘት ስሄድ ሙቅ ውሃ ከጠጡት 13 በቅለዋል፤ ከደረቁት 2። ያች ልጅ ተረኛ ነበረች፤ ጣሳ ይዛ ቆማለች። ከበቀሉት ሦስቱን በክረምቱ ዕረፍት ወደ ቡልቡላ ልትወስድ እንደተፈቀደላት ነገረችኝ።

«ጋሼ፣ ተውኔቱን ድጋሚ ይሠሩታል?»

እየጻፍኩት እንደሆነ ነገርኳት። እንደምን እየሄደ እንዳለ ግን አልነገርኳትም።

«አያቴን ያስገቡታል?»

«አስገባዋለሁ።»

«ምን ይላል?»

«እርሱን ነው ያላወቅሁት። አንቺ ንገሪኝ እስቲ፣ ምን ይበል?»

ጣሳውን አስቀመጠች። ረዘም ላለ ጊዜ አሰበች።

«ምንም አይልም» አለች። «ጭሱን ያያል።»